የቴስታታው አየር ጨመረ፣ መኪናው ግን ዳገት ላይ ደከመ

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ አነስተኛ ጋራዥ አለኝ። የአንድ ባለ 1300 ሲሲ ቤንዚን ሞተር ቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚገጠመውን የሞተር ራስ) የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎችን ሞርጄ አሰፋሁ። ከአሮጌ ቫኪዩም ክሊነር ሞተር፣ ከእንጨት ሳጥንና ቀለም የተቀላቀለበት ውሃ ከሞላሁባቸው ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች መለኪያ ሠርቼ፣ ስፋቱ 36 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቫልቭ 12 ሚሊ ሜትር ከፍቼ ለካሁ። በቴስታታው በኩል ያለውን የውሃ ልዩነት ከማስፋቴ በፊትም በኋላም 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ስይዘው፣ ያው አየር የሚያልፍበት የመለኪያ ቀዳዳ ቱቦ ከ10 ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ወጣ። አየሩ 40 በመቶ ጨመረ ብዬ ብደሰትም፣ መኪናው ከጊቤ በረሃ ወደ ወልቂጤ የሚወስደውን ዳገት እንደ ቀድሞው አይወጣም። የጅማ ከፍታ መለኪያዬን አሳስቶት ይሆን?

መልስ፦ ከፍታው አላሳሳተዎትም። በጅማ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ነገር ግን በቴስታታውና በመለኪያ ቀዳዳው የሚያልፈው ያው አንድ አየር ስለሆነ፣ ሁለቱን ሲያነጻጽሩ የአየሩ መሳሳት ውጤቱን አይለውጠውም።

ስሕተቱ ያለው ስሌቱ ላይ ነው። በቀዳዳ የሚያልፈው አየር የሚያድገው በውሃው ከፍታ ልክ ሳይሆን በከፍታው ካሬ ሥር ልክ ነው። 14 ለ10 ሲካፈል 1.4፣ የዚህም ካሬ ሥር 1.18 ስለሆነ፣ ያገኙት ጭማሪ 18 በመቶ እንጂ 40 አይደለም። በውጭ አገር መጽሔቶች የሚታተሙት አኃዞች ብዙ ጊዜ በ28 ኢንች ማለትም በ71 ሴንቲ ሜትር ውሃ የተለኩ ስለሆኑ፣ ከእነርሱ ጋር ለማስተያየት የእርስዎን ውጤት በ1.7 ገደማ ማባዛት ይኖርብዎታል።

ከዚህ የሚከብደው ግን ቫልቩን 12 ሚሊ ሜትር ላይ ብቻ መለካትዎ ነው። ቫልቭ የስፋቱን ሩብ ያህል፣ በእርስዎ 9 ሚሊ ሜትር፣ ሲከፈት በዙሪያው ያለው የአየር ማለፊያ ክፍተት ከራሱ ከቫልቩ ክብ ገጽ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አየሩን የሚወስነው ከቫልቩ ይልቅ ቀዳዳው ነውና፣ መለኪያዎ የሞረዱትን ቦታ ብቻ አሞግሶልዎታል። የሞተርዎ ካም ሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ቫልቩን እስከ 12 የሚያነሣ መሆኑን በቅድሚያ ያረጋግጡ። ቢያነሣ እንኳ ጫፉ ላይ የሚደርሰው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ በ4 እና በ6 ሚሊ ሜትር በኩል ግን ሲከፈትም ሲዘጋም ያልፋል። ስለዚህ በየ2 ሚሊ ሜትሩ ይለኩና ይመዝግቡ።

ዳገት ላይ የደከመበት ምክንያትም ከዚሁ ይገኛል ብለን እናምናለን። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ሲሊንደሩ በሚገባ የሚሞላው አየሩ በጠባብ መንገድ ፈጥኖ ሲመጣ ነው፤ መንገዱ ሲሰፋ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ቤንዚኑም ከአየሩ ጋር በደንብ አይዋሐድም። የእርስዎ መለኪያ የሚያሳየው ሳይቋረጥ የሚፈስን አየር ስለሆነ ይህን አይነግርዎትም።

ከመለካትዎ በፊት ሻማውን አስረው፣ ቫልቮቹን ዘግተው፣ ሳጥኑ አየር እንደማያሾልክ ይፈትሹ። ከቴስታታው ሥር የሚያስቀምጡት ቧንቧ የውስጥ ስፋቱ ከሲሊንደሩ ጋር እኩል ይሁን። በማስገቢያው አፍ ዙሪያም ፕላስቲሊን እንደ ጡሩንባ አፍ አድርገው ይለጥፉ፤ ሹል ጠርዝ አየሩን ስለሚበትነው ጥሩ ቴስታታ እንኳ መጥፎ መስሎ ይታያል።

የተሞረደ ብረት አይመለስም፤ ግድግዳው ከሳሳም የማቀዝቀዣው ውሃ ሊያልፍበት ይችላል። በሚቀጥለው ቴስታታ ላይ ቀዳዳውን ከማስፋት በፊት የቫልቩን መቀመጫ ቶርኖ ቤት ወስደው በሦስት ማዕዘን፣ በ30፣ በ45 እና በ60 ዲግሪ፣ ያስቆርጡ፤ ከቫልቩ በታች ያለውን መታጠፊያም በጥቂቱ ያለስልሱ፣ እያንዳንዱን ሥራ በጨረሱ ቁጥርም መልሰው ይለኩ።