ጋኑ ከጎርፍ ሲወጣ፦ ጠላና ጠጅ ቤት መልሶ ስለማቆም ጥያቄና መልስ

ከክረምቱ ጎርፍና ጭቃ በኋላ ከደሴና ከኮምቦልቻ ጠማቂዎች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር)፦ እትዬ፣ ውሃው ከጓዳ ከወጣ ሁለት ቀኑ ነው። በእጄ ያለው ብር አንድ ኩንታል ገብስ ቢገዛ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ አብሽሪ። ገብሱን ግን አሁን አትግዢ። መጀመሪያ ዕቃ፣ ከዚያ ውሃ፣ እህል መጨረሻ። እህል ቀድሞ የገባበት ቤት እርጥብ ግድግዳ ሥር አስቀምጦ ሁለተኛ ኪሳራ ያተርፋል።

ቆጣሪው ጠፍቶ ይቆይ። ምንም ሳትጠርጊ እያንዳንዱን ጋን፣ በርሜልና ከረጢት ባለበት በስልክ ፎቶ አንሺ፤ ቆጥረሽ ጻፊና የቀበሌ ሰው አይቶ ይፈርምልሽ። ቤቱ ከጸዳ በኋላ ስንት ጋን እንደነበረሽ የሚያምንሽ የለም። ከዚያ ጭቃውን ሳይደርቅ አውጪው። የኛ አገር ዋልካ እርጥብ እያለ በአካፋ ይታፈሳል፣ ከደረቀ ዶማ ይፈልጋል፣ ዶማው ደግሞ ወለሉን ይዞ ይነሳል። የጭቃ ቤት ከሆነ የረጠበውን ምርጊት እስከ ጤነኛው ድረስ አርግፊው። አዲስ ምርጊት ለመለጠፍ አትቸኩይ፤ ከሥሩ ሳምንታት የሚቆይ እርጥበት አለ፣ አፍነሽ ብትለጥፊው ሻጋታው ከድፍድፍሽ ጋር አብሮ ያድጋል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሆጤ)፦ ሦስት ጋን ጎርፍ ውስጥ አድረዋል። በግራዋ አጥቦ በወይራ ማጠን አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ከሁሉ በላይ የሚያከራክረኝ ጥያቄ ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሸክላ ውሃ ይጠጣል። ጎርፍ ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የከብት በረት፣ የጋራዥ ዘይት ይዞ ነው የሚመጣው። ግራዋና ጢስ የሚሠሩት ፊቱ ላይ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ የገባውን አያወጡም። ስለዚህ ውሃ ውስጡ ገብቶ ያደረበት ጋን ለመጠጥ አይመለስም ባይ ነኝ። ለከሰል ወይም ለአመድ ይሁን። ዘይት ወይም ናፍጣ የሸተተውማ ምንም ቢደረግ ሽታው በሦስተኛው ጥምቅ ተመልሶ ይመጣል።

አፉ ታሽጎ ውሃው ከውጭ ብቻ የነካው ጋን ግን ይድናል። ውስጡ የነበረው መጠጥ ይደፋ። ከዚያ ጋኑን በጣት አንኳኩት፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፣ የደነቆረ ድምፅ ከሰጠ ተሰንጥቋል። ውስጡንም ውጩንም በግራዋ እሹትና እጠቡ። ለብ ባለ ውሃ አስጀምሩና ቀስ በቀስ ሙቁን ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ጋን ላይ የፈላ ውሃ ከደፉበት ይተረተራል። ሞልቶ ይደር፣ ጠዋት ይደፋ። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገም።

ቀጥሎ ማድረቅ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። በድንጋይ ላይ ደፍታችሁ፣ ነፋስ ከሥር እንዲገባ አድርጋችሁ፣ ፀሐይ ላይ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን። ደሴ ደመናው ካልለቀቀ ከዚያም በላይ። መድረቁን ለማወቅ ማታ አፉን በላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ሸክላው ገና ውሃ አለው። በዚያ ሁኔታ ፍም ላይ ከደፋችሁት ውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል።

ጤዛ ካልያዘ ፍሙን መጀመሪያ ራቅ አድርጋችሁ፣ እየቆየ እያቀረባችሁ አሙቁት። ከዚያ ነው ማጠን። ሦስት ጉልቻ፣ መሃል ላይ ነበልባል የሌለው ፍም፣ ላዩ ላይ የደረቀ የወይራ ፍልጥ። ጋኑ ይደፋበት፤ ወደ ላይ የዞረው ቂጡ ለመዳፍ እስኪሞቅ፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠን። ሲነሣ ወዲያው አፉ ይከደን፤ ጢሱ እዚያው ይረፍ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የፕላስቲክ በርሜሎቼስ? በረኪና በምን ልክ?

መልስ፦ ፕላስቲክ ስለማይጠጣ ይሻላል። መጀመሪያ በሳሙና ጭቃውን ሙልጭ አድርገህ አውጣ፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ካረፈ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 200 ሚሊ ሊትር በ20 ሊትር ውሃ በጥብጥ። ውስጡን ሁሉ አርጥበህ አሥር ደቂቃ አቆይ፣ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቅ፣ ክፍቱን አድርቅ። ሽታ የተጨመረበትን አትግዛ፤ ፀሐይ ላይ የከረመውም ደክሟል። ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅለው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ውስጡ በሽቦ ተፍቆ የተጫጫረ በርሜል ይጣል፤ ጭረቱ ውስጥ የሚደበቀውን ምንም አያገኘው። ርካሽ ነው ተብሎ የሚመጣ የኬሚካል በርሜልም ይቅር። የዚንክ በርሜል ደግሞ ለጠጅ መርዝ ነው፤ ኮምጣጣው ዚንኩን ያሟሟዋል። በረኪና ለሸክላ አይሆንም፣ ምክንያቱን ከታች እነግርሃለሁ።

ጥያቄ (ደሴ፣ ገራዶ)፦ ቧንቧው ደፍርሶ ነው የሚመጣው። ጠላ ስለሚብላላ ጀርሙ አይሞትም?

መልስ፦ ኮምጣጣነቱ ያዳክመዋል እንጂ አያስተማምንም፤ በተለይ መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ጥሬ ውሃ ሳይብላላ ነው ደንበኛ ጋ የሚደርሰው። ውሃው አድሮ ይጥለል፣ በነጠላ ይጣራ፣ ይፍላ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ አንድ ደቂቃ ይበቃታል። ማገዶ ካጠረ ለ20 ሊትር ጀሪካን 2 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና (ለደፈረሰው እጥፉን) ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩ። ለመጥመቅ ከሆነ ግን ክሎሩ እንዲወጣ ክፍቱን አንድ ቀን ይደር።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ሁለት ኩንታል ገብስ ረጥቦ እያቆጠቆጠ ነው። መቼም ብቅል ማለት የበቀለ ገብስ ነው፣ አድርቄ ብፈጨውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ነገሩ ያሳዝናል፤ ግን አይሆንም። ብቅል ስንሠራ ንጹሕ ገብስ አንድ ቀን እንዘፈዝፋለን፣ ውሃውን እናጠፋለን፣ በኮባ ጠቅልለን ሦስት ቀን ገደማ እናቆያለን፣ እናሰጣለን። አንተ ጋ ያለው በፍሳሽ የተዘፈዘፈ፣ በከረጢት የታፈነና የሞቀ ነው። ለቡቃያ የሚመች ለሻጋታም ይመቻል።

አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተዋል። ጉበት የሚጎዳ ነው፤ ውሃ በሚፈላበትም ሆነ ቂጣ በሚጋገርበት ሙቀት አይጠፋም። ሻጋታውን ብታራግፍ፣ ብትቆላው፣ ብትፈጨው መርዙ እዚያው ነው። «ለአረቄ ይሁን» የሚሉም አሉ። መርዙ ከአረቄው ጋር ተንኖ ባይወጣ እንኳ አተላው ውስጥ ይቀራል፤ አተላውን ላም ትበላለች፣ ከላሟ ወደ ወተቱ ይገባል። ከጎረቤትህ ልጅ ኩባያ ድረስ ማለት ነው። ለከብትም ለዶሮም ሳትሰጥ ቅበረው።

በጣሪያ ማፍሰስ የረጠበና ጎርፍ ያልነካው ገብስ ሌላ ነው። በዚያው ቀን ከተሰጣና ካልሸተተ ለአሻሮ (ተቆልቶ ለሚፈጨው የጠላ እህል) ይሆናል። ለብቅል ከፈለግኸው 100 ፍሬ ቆጥረህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልል። በሦስት ቀን 95 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው፤ ከ85 በታች ከሆነ ለብቅል አትድከምበት። የረጠበ ጌሾም እንዲሁ፦ ጎርፍ የነካው ይጣል። ጓሮ ያለው ተክል ግን ካልተነቀለ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ታጥቦ ይለቀማል።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ከአሰላ ብቅል ፋብሪካ እንደሚወጣው ያለ የቢራ ብቅል ባገኝ ለጠላ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ኃይለኛ ስለሆነ ከቤቱ ብቅል ቀነስ አድርጉ። ቀለሙ ነጣ ያለ ነው፤ ጥቁረቱን ከቂጣውና ከአሻሮው አምጡ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ዕቃዬ ተዘጋጅቷል። በስንት ልጀምር?

መልስ፦ በ20 ሊትር። ትልቁን ጋን በመጀመሪያው ቀን መሙላት ቁማር ነው፤ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ውሃና አዲስ እህል በአንዴ ሲገጥሙ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ብቅል መሥራት ራሱ ሳምንት ስለሚወስድ ለዚህኛው የተዘጋጀ ግዢ።

ጥንስሱ 250 ግራም የጌሾ ቅጠል ዱቄት፣ 250 ግራም ብቅልና 4 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ኮምቦልቻ ሁለት ቀን፣ ደሴ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ ከ1.5 ኪሎ ዱቄት የተጋገረ፣ ጀርባው የጠቆረ ቂጣ ፈርፍረሽ፣ ግማሽ ኪሎ ብቅልና 250 ግራም የጌሾ እንጨት ከ2 ሊትር ውሃ ጋር ጨምሪ። ቂጣው ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ከጣልሽው እርሾውን ትገድይዋለሽ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ 3 ኪሎ የአሻሮ ዱቄት ይገባና ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል። አፉ ታሽጎ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ ደሴ እስከ አሥር ቀን። መጨረሻ ላይ 15 ሊትር ያህል ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይጨመርና ታሽጎ አድሮ ይጠለላል።

እያንዳንዱን ቀን ጻፊ። አዲስ ጋን መጀመሪያ ላይ ይዘገያል፤ በሁለተኛው ጥምቅ ይፈጥናል።

ጥያቄ (ደሴ፣ ሆጤ)፦ የመጀመሪያው ጥምቄ መድኃኒት መድኃኒት ሸተተ። ሌላዋ ጎረቤቴ ደግሞ ኮመጠጠባት።

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የመድኃኒት ሽታ የክሎር ነው። በዕቃው ወይም በውሃው የቀረ ክሎር ከጢሱና ከእህሉ ጋር ሲገናኝ ያንን የሆስፒታል ኮሪደር የመሰለ ሽታ ይፈጥራል፤ ጥቂቱ ይበቃዋል። በረኪና ለሸክላ አይሁን ያልኩት ለዚህ ነው፣ ጠጥቶ በየጥምቁ ይመልሰዋል። ያ ጠላ አይድንም።

መኮምጠጥ የአየር ነው። ማሸጊያው ላልቷል፣ ወይም እየተከፈተ ይቀመሳል። ላስቲኩን አጥብቃችሁ እሰሩና በጭቃ ለስኑት፤ የተጠለለውንም በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሉት፣ አንዱ ሲቀዳ ሌላው እንዳይተነፍስ። የሚዝለገለግ ከሆነ ግን ዕቃው አልጸዳም፤ ይደፋ፣ ጋኑ እንደገና ይታጠን።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ፣ ጠጅ ቤት)፦ አምቡላው (የጠጁ አተላ) ከነጋኑ ሄደ። አዲሱ ብርዝ አምስት ቀን ሆነው፣ ዝም።

መልስ፦ ጋሼ፣ አንድ ማር ለሦስት ውሃ ከሆነ ልኩ ትክክል ነው፤ ከዚያ ከወፈረ እርሾው ይጨነቃል። የጠፋብዎት እርሾው ነው። ከሚያምኑት ጠጅ ቤት፣ እየፈላ ካለ ጋን አንድ ሊትር አምቡላ ለ20 ሊትር ይለምኑ። የተኛ አሮጌ አምቡላ አይውሰዱ፣ ኮምጣጤ ይዞ ይመጣል። ብርዙን ሞቅ ያለ ቦታ ያስጠጉት። እስከዚያ ትኩስ ብርዝ መሸጥ ይቻላል፤ በአንድ ቀን ገንዘብ የሚያመጣ እሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ (ደሴ)፦ የወፍጮው ሞተር ጭቃ ገብቶበታል። ደርቋል፣ ላስነሣው?

መልስ፦ አይሆንም። ከላይ የደረቀ ሞተር ጥቅሉ ውስጥ ውሃ ይይዛል፣ ሲበራ ይቃጠላል። ባለሙያ ፈትቶ በንጹሕ ውሃ ይጠብ፣ ያድርቅ፣ ግሪስና ኩሽኔታ ይቀይር። ከማብራቱ በፊት በሜገር (ጥቅሉ ኤሌክትሪክ እንዳያሾልክ በሚለካው መሣሪያ) ይለካ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ተመልሶ ይድረቅ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የብድር መክፈያዬ ደርሷል።

መልስ፦ ቀኑ ሳያልፍ ሂጂ። ያ የቀበሌ ፊርማና ፎቶ የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ ከዘገየሽ በኋላ ይራዘምልኝ ማለትና ቀድሞ መጠየቅ አንድ አይደለም። ዕቁብ ካለሽ ዕጣ ለመቀያየር ጠይቂ። በዱቤ አትሽጪ፣ ቢያንስ ሦስት ጥምቅ እስኪዞር።

ጥያቄ (ደሴ፣ ከጦሳ ሥር)፦ ለከርሞ ጋኑን የት ላድርገው?

መልስ፦ ወደ ተራራው ከዞረው ግድግዳ አርቀው፤ ጭቃው የሚገፋው እሱን ነው። ከግድግዳው በስተጀርባ ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቆፈር፣ ሐምሌ ሳይገባ ይጠረግ። ውስጥ ደግሞ ባለፈው ግድግዳው ላይ ከታተመው የውሃ መስመር አንድ ክንድ ከፍ ያለ የድንጋይ መደብ ሥራ። ባዶ ዕቃ ይንሳፈፋል፤ 200 ሊትር የሚይዝ ባዶ በርሜል ክዳኑ ተገጥሞ ቢሰጥም ወደ ሁለት ኩንታል በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል፣ አጠገቡ ያለውንም ጋን ይሰብራል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ በርሜሎችን ውሃ ሞልተህ አስቀምጣቸው፣ ወይም ከምሰሶ ጋር እሰራቸው። እህልና ጌሾ ቆጥ ላይ ይውጡ።