በሜሽ ውስጥ የሚያልፉ የስብራት መስመሮችን በፓይተን ስለማስገባት

ጥያቄዎ እንደገባኝ፣ በአዳማ ዙሪያ ላለው የከርሰ ምድር ውኃ የባለ ሁለት ልኬት ሞዴል ለመሥራት ጂሜሽ የተባለውን የሜሽ መሥሪያ ሶፍትዌር በፓይተን እያዘዙ ሜሽ (አካባቢውን የሚሸፍን የሦስት ማዕዘኖች መረብ) ያወጣሉ፤ ነገር ግን የወንጂ የስብራት ቀጠና (በስምጥ ሸለቆው ውስጥ መሬት የተሰነጠቀበት ቀጠና) መስመሮች የሦስት ማዕዘኖቹ ጎን መሆን ሲገባቸው መካከላቸውን እየቆረጡ ያልፋሉ። እኔም በዚሁ የስምጥ ሸለቆ ክፍል ተመሳሳይ ሥራ ስለሠራሁ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ሜሹ ከወጣ በኋላ ለስብራቱ የሚቀርቡትን ጎኖች መርጦ ምልክት ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የሚገኘው መስመር ዚግዛግ ስለሚሆን ከእውነተኛው ስብራት ይረዝማል፣ በእሱ ላይ የሚሰላው የውኃ ፍሰትም አቅጣጫው ይዛባል። ስለዚህ መስመሩ ሜሹ ከመሠራቱ በፊት የጂኦሜትሪው አካል መሆን አለበት።

እንዴት እንደሚገባ የሚወስነው የት እንደሚያበቃ ነው። ሁለቱም ጫፎቹ በአካባቢው ውስጥ የሚቀሩ ከሆነ፣ ሲንክሮናይዝ ካደረጉ (ጂኦሜትሪውን ወደ ጂሜሽ ሞዴል ካስተላለፉ) በኋላ ኢምቤድ በሚለው ትእዛዝ በገጹ (ሜሹ በሚሠራበት ስፍራ) ውስጥ ይቀበራል። ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ገጹን ለሁለት ስለሚከፍለው መቅበር አይቻልም፤ የውጩ ወሰንም በሚነካባቸው ነጥቦች ላይ መከፈል ይኖርበታል። ሁለት ስብራቶች ሲቋረጡም እንዲሁ ሁለቱም በመገናኛቸው ተከፍለው አንድ ነጥብ ሊጋሩ ይገባል። ይህን ሁሉ በእጅ ማስላት አድካሚ ስለሆነ፣ እኔ ጂሜሽ በሚጠቀምበት የጂኦሜትሪ ሞተር በኦፕን ካስኬድ በኩል ፍራግመንት የሚባለውን ትእዛዝ እመርጣለሁ፤ መገናኛዎቹን ራሱ ያገኛል፣ ገጹን ይከፍላል፣ ወሰን ላይ የማያርፉትንም መስመሮች ራሱ ይቀብራል። ዋጋው የመለያ ቁጥሮቹ መለወጣቸው ነው፦ አንድ የነበረው መስመር ሦስት ሆኖ ሊመለስ ስለሚችል፣ የድሮውን ቁጥር ይዞ ከመቀጠል ይልቅ ትእዛዙ የሚመልሰውን ሁለተኛ ዝርዝር ማንበብ ግድ ነው፤ የትኛው አሮጌ አካል ወደ የትኞቹ አዲስ አካላት እንደተቀየረ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከዚያ ለስብራቶቹ ፊዚካል ግሩፕ (አካላትን በአንድ ስም የሚይዝ ስብስብ) ይስጡ፣ ለገጾቹም አብረው ይስጡ፤ ግሩፕ አንድ ጊዜ ከተሰጠ ጂሜሽ በነባሪ አሠራሩ በግሩፕ ውስጥ ያሉትን ብቻ ስለሚያስቀምጥ፣ ያለዚያ ሦስት ማዕዘን የሌለበት ፋይል ያገኛሉ።

ከካርታ ላይ የተቀዳ መስመር ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ነጥብ አለው። ተከታታይ ነጥቦችን በቀጥታ መስመር ካገናኟቸው እያንዳንዱ ነጥብ ኖድ (የሦስት ማዕዘኖች ጫፍ) ይሆናልና፣ አምስት ሜትር የሚራራቁ ነጥቦች የፈለጉት የሦስት ማዕዘን መጠን 100 ሜትር ቢሆንም እንኳ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ያስከትላሉ፤ አስቀድመው ያቅልሉት። የአዳማ የዩቲኤም (በሜትር የሚለካ የካርታ መጋጠሚያ) ቁጥሮች (ዞን 37) ባለ ስድስት አሃዝ ስለሆኑም ከሁሉም ላይ አንድ የአካባቢ መነሻ ነጥብ ቢቀንሱ የማጠጋጋት ችግር ይቀንሳል። የሦስት ማዕዘኖቹን መጠን በዲስታንስ እና በትሬሽሆልድ ፊልዶች (የሜሹን መጠን በሚወስኑ የጂሜሽ መሣሪያዎች) ከስብራቱ ርቀት ጋር ማያያዝ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን በጥያቄዎ አልተገለጸም፤ ስብራቱ ውኃ ያሳልፋል ወይስ ያግዳል? የሚያሳልፍ ከሆነ ከላይ ያለው አሠራር በቂ ነው። የሚያግድ ከሆነ ግን በሁለቱ ወገን ያሉት ሦስት ማዕዘኖች ተመሳሳይ ኖዶችን ስለሚጋሩ የውኃው ከፍታ በመስመሩ በዚህና በዚያ ወገን ሊለያይ አይችልም፤ ስለዚህ ሜሹ ከወጣ በኋላ ክራክ በሚባለው የጂሜሽ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ኖዶቹን መደረብ፣ ማለትም ለየወገኑ የየራሱን ኖድ መስጠት ያስፈልጋል። ከመደረብዎ በፊት፣ በአካባቢው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የስብራት ክፍል በትክክል የሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጎን መሆኑን በአጭር ኮድ ይቁጠሩ፤ ከሁለት ያነሰ ካገኙ መስመሩ ከሜሹ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው።