«አወዳድሩ» ወይስ «አነጻጽሩ»?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ለፈተና «የድንጋይ ሽበትንና የመሬት ሽኮኮን አወዳድሩ» ብዬ ብጽፍ፣ አንድ ባልደረባዬ «አነጻጽሩ ነው የሚባለው» አሉኝ። በእርግጥ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ ባልደረባዎ እውነት አላቸው። ማወዳደር የ«ወደር» ዘመድ ነው። «ወደር የለሽ» ስንል አቻ የለውም ማለታችን ነው። ስለዚህ የሚወዳደሩ ነገሮች በአንድ መስፈሪያ ይለካሉ፤ አንዱ ይበልጣል ወይም እኩል ይወጣሉ። እዚያው ጅማ ሁለት ጆንያ ቡና በክብደት ይወዳደራል። ማነጻጸር ግን «ነጸረ» ከሚለው ግእዝ የመጣ ነው፤ ተመለከተ ማለት ነው። ዓይናችን ላይ የምናደርገው መነጽርም ከዚያው ቤት ነው። ማነጻጸር እንግዲህ ጎን ለጎን አቁሞ ማስተያየት ነው፤ አሸናፊ አይፈልግም።

የእርስዎን ሁለት ፍጥረታት ምኑ ላይ እናወዳድራቸው? የድንጋይ ሽበት ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ነው፤ ሌላው እንስሳ ነው። መስፈሪያውን ከሰጡ ግን «አወዳድሩ» ይሠራል። ለምሳሌ «ብርድን በመቋቋም» ይበሉ። የአርክቲኩ የመሬት ሽኮኮ በበረዶው ወራት ሲተኛ የሰውነቱ ሙቀት ከዜሮ በታች 2.9 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል፤ ደሙ ግን በረዶ አይሆንም። የድንጋይ ሽበት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሁለት ሳምንት ያህል አየር በሌለው ህዋ ተጋልጦ ሲመለስ ሕይወቱ አልጠፋም ነበር። እዚህ ላይ «ከሽኮኮው ይልቅ ሽበቱ ይጸናል» ማለት ይቻላል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ሽኮኮ» ነው። መዝሙረ ዳዊት ላይ መሸሸጊያው ዓለት የሆነው ሽኮኮ ጅራቱ የማይታይ፣ ጥፍሩ ሰኮና የሚመስል እንስሳ ነው፤ በዘር ከአይጥ ይልቅ ለዝሆን ይቀርባል። የመሬት ሽኮኮ የምንለው ግን ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ ጅራቱ ረጅም የሆነ የአይጥ ወገን ነው። ስሙ ለሁለቱም ስለተለመደ ከሰው አፍ አይጠፋም፤ ፈተና ላይ ግን «ጅራተ ረጅሙ» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ተማሪው ዓለት ላይ ያየውን ሽኮኮ አይጽፍም።

«የድንጋይ ሽበት»ን ግን እባክዎ በእንግሊዝኛ ስሙ፣ በ«ሊቸን»፣ አይለውጡት። ቋጥኝ ላይ ግራጫ ሆኖ ሲሸብት ያየ ሰው ያወጣለት ስም ነው። ተማሪዎችዎ የቡና ጥላ ዛፍ ግንድ ላይ ተለጥፎ ሲያዩት ወዲያው ይገባቸዋል።