ሎሚና ከሰል በጥርሴ ላይ ያደረሱት

እህቴ፣ ጥርስሽ ቢጫ እየሆነ ስለ መጣ በቲክቶክ ያየሽውን የሎሚና የቤኪንግ ሶዳ ቅባት ልትሞክሪ እንደሆነ ጽፈሽ፣ ኢንተርኔት ላይ ስለ ጥርስ የሚነገረውን ምን ያህል ልመን ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ አትሞክሪው። እኔ በ21 ዓመቴ ሎሚና የተፈጨ ከሰል እያፈራረቅሁ ለ3 ሳምንታት ጥርሴን ፈትጌአለሁ።

በመጀመሪያው ሳምንት ጥርሴ የነጣ ስለመሰለኝ ፎቶ እያነሳሁ ለጓደኞቼ ልኬ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ቀዝቃዛ ውሃ ስጎነጭ ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ በአፌ አየር ስስብ እንኳ ያመኝ ነበር። የሄድኩባት የጥርስ ሐኪም በመስታወት የፊት ጥርሶቼን ጫፍ ስታሳየኝ ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜል፣ በአፍ ውስጥ ያለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ የሎሚ ጭማቂ ፒኤች ደግሞ 2 አካባቢ ነው። አሲዱ ያለሰለሰውን ከሰሉ ይፍቀዋል። ኢናሜል አንዴ ካለቀ ተመልሶ አይበቅልም፤ ከሥሩ ያለው ዴንቲን በተፈጥሮው ቢጫማ ስለሆነም ሽፋኑ በሳሳ ቁጥር የሸሸነው ቢጫነት ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። ቪዲዮው የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻ ነው።

ዛሬም ቢሆን ከስልኬ ብዙ እማራለሁ። ጥርስን ከቦረሹ በኋላ አፍን በብዙ ውሃ መጉመጥመጥ በጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለውን ጥርስን የሚያጠነክር ፍሎራይድ አጥቦ እንደሚያስወግደው የሰማሁት ከአንድ የጥርስ ሐኪም አጭር ቪዲዮ ነው፤ ሐኪሜም ትክክል መሆኑን አረጋግጣልኛለች። ከምክሩ ሥር የሚሸጥ ዕቃ ካለ ግን እጠነቀቃለሁ፤ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉ ፎቶዎችንም በመብራትና በፊልተር ምክንያት አላምናቸውም። ድዴ ሲደማ ወይም ሲያብጥ ፎቶ አንስቼ ቀኑን እመዘግባለሁ፤ ቀጠሮዬ ሲደርስ እብጠቱ ቢጠፋ እንኳ ሐኪሟ የምታየው ነገር ይኖራታል። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ግን ጥያቄ ለጥፎ መልስ መጠበቅ አደገኛ ስለሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

የአንቺ ቢጫነት የሻይ ወይም የቡና እድፍ ከሆነ በሐኪም እጥበት ሊለቅ ይችላል፤ ከኢናሜል መሳሳት የመጣ ከሆነ ግን ሕክምናው ሌላ ነው፤ ይህንንም በአካል ያላየሽ ሰው ሊለይልሽ አይችልም። ስትሄጂ ቪዲዮውን ይዘሽ ሂጂና ለሐኪሙ አሳዪው፤ እኔ ያንን አለማድረጌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።