ማቴዎስ የተቀመጠው የትኛው መቅረጫ ላይ ነው?

አንዲት አንባቢ ጽፈውልኛል። ልጃቸው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ጮክ ብላ ስታነብ «በመቅረጫው ተቀምጦ» የሚለው ላይ ቆም አለች። የእርሳስ መቅረጫዋን አንስታ «እማዬ፣ እዚህ ላይ እንዴት ይቀመጣል?» አለቻቸው። የእናትየው ጥያቄ ሁለት ነው። ቃሉ ከየት መጣ? የማቴዎስን የሥራ ስም ‹ቀራጭ›ንስ ትተን ‹ግብር ሰብሳቢ› ብንል አይሻልም ወይ?

ልጅቷን ሳሙልኝ። ሳታውቀው ሥርወ ቃሉን ይዛዋለች።

የግእዙ ግስ ‹ቀረጸ› ነው፤ ፋቀ፣ ጠረበ ማለት ነው። አማርኛ ጸን ወደ ጠ መውሰድ ይወዳል፤ ጸጉርን ጠጉር፣ ጸሎትን ጠሎት ይላል። እንደኔ ‹ቀረጠ›ም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ከነጋዴው ጭነት ላይ ተቆርሶ የሚቀረው ድርሻ ‹ቀረጥ› ሆነ። ጠ ወደ ጨ ሲላላ ደግሞ ቀራጩና መቅረጫው ተወለዱ። ስለዚህ ሐውልት ቀራፂው፣ የእርሳስ መቅረጫውና ቀረጥ ተቀባዩ ያንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ዕብራይስጥም ዘመዱ አለው። ኢዮብ 33፥6 ላይ ኤሊሁ «እኔም ከጭቃ ነኝ» የሚልበት ቃል ‹ቆራጽቲ› ነው። ከጭቃው ተቆነጠርሁ እንደማለት ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ከጭቃዋ ቆንጠር እንደምታደርገው። ዳንኤል 3፥8 ላይ ደግሞ ከለዳውያን አይሁድን ከሰሱ ለማለት አረማይኩ «ቁራጫቸውን በሉ» ይላል። እኛስ ሐሜትን የሰው ሥጋ መብላት እንል የለ? ከጥያቄው ወጣሁ መሰለኝ፤ ልመለስ።

‹ቀራጭ› ያረጀ ቃል ነው፣ ‹ግብር ሰብሳቢ› ይተካው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ማቴዎስ ግብር አልሰበሰበም! ግብር የመሬትና የነፍስ ወከፍ ነው። ቅፍርናሆም ግን በሄሮድስ አንጢጳስ ግዛት፣ ከወንድሙ ከፊልጶስ ግዛት ድንበር ብዙም ሳትርቅ፣ በገሊላ ባሕር ዳር የነበረች ከተማ ናት። እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚቆጥረው የሚያልፈውን ጭነት ነው። ይኼ ደግሞ ጥርት ያለ ቀረጥ ነው። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ ይዞልን ሳለ ለምን እንደባልቃቸዋለን?

‹ሰብሳቢ›ም ቢሆን ደመወዝተኛ ያስመስለዋል። የግሪኩ ‹ቴሎኔስ› ከሁለት ቃላት የተገጠመ ነው፤ ‹ቴሎስ› ቀረጥ፣ ‹ኦኔኦማይ› ገዛሁ። ቀረጥ ገዢ ማለት ነው። ቀራጮቹ የመቅረጡን መብት በጨረታ ይገዙታል፤ ሒሳቡን ለመንግሥት ይከፍላሉ፤ የተረፈው የራሳቸው ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮቹን ከታዘዘው በላይ አትውሰዱ ያላቸው ለዚህ ነው። የኢያሪኮው የቀራጮች አለቃ ዘኬዎስም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል አሠራሩን አሳምሮ ያውቀዋል። እውነቱን ለመናገር ‹ቀራጭ›ም መግዛቱን አይናገርም። ግን ቃሉ ውስጥ ምላጭ አለ፤ የሆነ ነገር ሲሸረፍ ይሰማኛል። ‹ሰብሳቢ› ግን እንጨት የሚለቅም ሰው ነው የሚመስለኝ። ይኼ ማስረጃ አይደለም፤ ምርጫዬ ነው።

ደግሞስ ቃሉ የታል ያረጀው? «ከቀረጥ ነፃ» የሚለውን ያልሰማ ማን አለ? ያረጀው ሰውየው ነው፤ ‹የጉምሩክ ሠራተኛ› ተባለ። የሚገርመው ‹ጉምሩክ› ከቱርክኛ ይምጣ እንጂ ቱርክኛው ከግሪክ፣ ግሪኩ ከላቲኑ ‹ኮሜርኪየም› የወሰደው ነው። ሮማውያንን በፊት ለፊት ብንሸኛቸው በጓሮ ገቡ።

ስለዚህ ‹ቀራጭ› ይቆይ። የፈሪሳዊውና የቀራጩ ታሪክ «የፈሪሳዊውና የግብር ሰብሳቢው» ሲባል ጆሮዬ አይቀበለውም። በአዳዲስ ትርጉሞች ላይ ግን ‹ሰብሳቢ› ገብቷል፤ አንባቢውም ለምዶታል። እኔን ማን ይሰማኛል?

‹መቅረጫ› ላይ ግን ተረትቻለሁ። የ1954ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሲታተም ቃሉ አያሻማ ይሆናል። ዛሬ ተማሪ ሁሉ ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይዞራል። ለልጅዎ ‹ኬላ› ይበሏት። ነጋዴ ቆሞ ጭነቱ የሚፈተሽበት፣ ከፍሎ የሚያልፍበት ቦታ ስሙ ኬላ ነው። ማቴዎስ ኬላው ላይ ተቀምጦ ነበር።