ጠይቁ፣ ልመልስ፦ ማስታወቂያው ገና ረቂቅ ሳለ

በዚህ ወር የደረሱኝ አብዛኞቹ ደብዳቤዎች አንድ ጭንቀት ያነሳሉ። የምንኖረው ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ከንቲባውን መንገድ ላይ እናገኛቸዋለን፣ የምክር ቤቱን አባላት በስም እናውቃቸዋለን፤ ግን አስተዳደሩ የወሰነውን የምንሰማው ከሁሉም በኋላ ነው። አምስቱን መርጫለሁ።

«ሰፈራችን ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። ለመኪና ማቆሚያ መሰጠቱን ያወቅነው ሠራተኞች ቆርቆሮ ይዘው መጥተው ማጠር ሲጀምሩ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ስንጠይቅ ‘ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር፣ የተቃወመ ሰው አልመጣም’ አሉን። እውነትም ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ አለ፣ ፀሐይ አንጥቶታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብን። አሁን ምን ማድረግ እንችላለን?» የአንድ ሰፈር ነዋሪዎች

ተስፋ ቆርጣችሁ ወደ ቤት አትግቡ። «ማስታወቂያ ወጥቷል» የሚለው መልስ የነገሩ መጨረሻ አይደለም። ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ ማስታወቂያውን ከነቀኑ፣ ጉዳዩ የታየበትን የምክር ቤት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የውሳኔውን ቅጂ። ከዚያ ከተማችሁ ከምትተዳደርበት ሕግ ጋር አስተያዩት። ማስታወቂያው ስንት ቀን መቆየት ነበረበት? የት የት መለጠፍ ነበረበት? ነዋሪው የሚሰማበት መድረክ መጠራት ነበረበት ወይ? በብዙ አገር የመሬት አጠቃቀም ለውጥ ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው እንዲያውቅ ሕግ ያስገድዳል። ይህ ደረጃ ተዘሎ ከሆነ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል። ግን ቀኑ እየተቆጠረ ነው። የይግባኝ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ስለሆነ «ሰሞኑን እንሄዳለን» አትበሉ፣ ነገ ሂዱ።

ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉና ቁጥርና ቀን ያረፈበትን ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ነገ «አልሰማንም» ሊባል ይችላል፣ ቁጥር ያለው ወረቀት ግን መልስ ይጠይቃል። ስትጽፉ ደግሞ «አንፈልግም» ብቻ አትበሉ። ሜዳውን ማን በምን ሰዓት እንደሚጠቀምበት፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት እንደሚፈስ፣ መኪና ማቆሚያው ግማሹን ብቻ ቢወስድ ይበቃ እንደሆነ፣ ሌላ ባዶ ቦታ ካለም የት እንዳለ ጻፉ። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው እጁ ላይ አማራጭ ሲያገኝ ወደ ኋላ መመለስ ይቀለዋል።

አሁን ደግሞ ለሁላችሁም የሚሆን ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ይህ ጉዳይ ከልቤ የሚያሳስበኝ ነው። ማስታወቂያ ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቃል «ረቂቅ» ይሁን። «ረቂቅ»፣ «ለአስተያየት ክፍት ነው»፣ «ለውይይት ቀርቧል» የሚሉ ቃላት ካያችሁ ነገሩ ገና አልተዘጋም፣ የእናንተ ድምፅ የሚገባበት በር አለ ማለት ነው። «ጸድቋል»፣ «ከዛሬ ጀምሮ ተፈጻሚ ይሆናል» ካለ ግን በሩ ተዘግቷል፤ ለማስከፈት አሥር እጥፍ ድካም ይጠይቃል። በጥንቷ አቴንስ የሕግ ሐሳብ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት በአደባባዩ ላይ፣ የከተማዋ ጀግኖች ሐውልት በቆመበት ቦታ፣ ማንም አላፊ አግዳሚ እንዲያነበው ይለጠፍ ነበር። ዋናው ነገር «በፊት» የምትለዋ ቃል ናት። የእናንተ ወረቀትም ሜዳው አጠገብ፣ ሰው በሚያልፍበት ቦታ፣ በጊዜው ቢለጠፍ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። ይህንንም ለአስተዳደሩ ጻፉላቸው፦ ቦታን የሚመለከት ማስታወቂያ እዚያው ቦታው ላይ ይለጠፍ።

ከእናንተ በኩል ደግሞ ተራ ያዙ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ሰሌዳውንና የምክር ቤቱን አጀንዳ አይቶ ለጎረቤት ይናገር። ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ስብሰባ ሲኖርም ሁለት ሦስት ሰው ሄዶ ይቀመጥ። በትልቅ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሰው አይታይም፣ በትንሽ ከተማ ግን ይታያል።

«ውሃ ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ቡናማ ሆኖ መጣ። ‘ለጥንቃቄ አፍልታችሁ ተጠቀሙ’ የሚል መልእክትም ደረሰን። የአራት ወር ሕፃን አለኝ፣ ጡጦ የምትጠባ። ማፍላት ብቻ ይበቃል?» አንዲት እናት

እህቴ፣ ማስታወቂያው የሚለውን ቃል በቃል አንብቢው፣ ምክንያቱም ሦስት ዓይነት ማስታወቂያ አለ። «አፍልታችሁ ጠጡ» ማለት ስጋቱ ጀርም ነው፣ ማፍላት ይገድለዋል። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይፍላ። የምትኖሩት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከሆነ ደግሞ 3 ደቂቃ ይሁን፣ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነውና። ከዚያ ከድነሽ አቀዝቅዢው። ጡጦ ማጠቢያውም፣ ጥርስ መቦረሻውም ይኸው የፈላው ይሁን።

«አትጠጡ» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ኬሚካል ነው፣ ኬሚካል ደግሞ በማፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ናይትሬት የሚባለው ውሃው ሲፈላ እየተነነ ስለሚቀንስ ይብስ ይከማቻል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። ያን ጊዜ ለልጅሽ ወተት መበጥበጫ ሌላ ንጹሕ ውሃ ፈልጊ። ሦስተኛው «አትጠቀሙ» ነው። እሱ ለመታጠብም አይሆንም።

ቡናማው ቀለም ብዙ ጊዜ ቧንቧ ውስጥ የተቀመጠ ዝገትና ደለል ነው፤ ውሃው በድንገት ሲለቀቅ ይናወጣል። ቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፍተሽ እስኪጠራ አፍስሺው፣ ነጭ ልብስም አትጠቢበት። ቢጠራም ግን ማፍላቱን አታቁሚ። ውሃ ሲቋረጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ ያን ጊዜ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል ከውጭ ቆሻሻ ሊገባ ይችላል፣ ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም። የምታቆሚው «ተመርምሯል፣ ደህና ነው» የሚል ሁለተኛ ማስታወቂያ ሲመጣ ነው። ካልመጣ ደውለሽ ጠይቂ። መብትሽ ነው።

«ጡረተኛ ነኝ። ከቤቴ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው መንገድ እንደሚሠራ በስብሰባ ላይ ተነግሮን አጨብጭበን ነበር። ሁለት ዓመት አለፈው። ዋሹን ልበል?»

አባቴ፣ ከመፍረድዎ በፊት መንገዱ የት ደረጃ ላይ እንደቆመ ይጠይቁ። «ይሠራል» የምትል አንድ ቃል ውስጥ ብዙ ደረጃ አለ። ጥናት አለ፣ ዲዛይን አለ፣ በጀት መያዝ አለ፣ ጨረታ አለ፣ ውል መፈራረም አለ፣ ከዚያ ነው ቁፋሮ የሚጀመረው። አንድ ባለሥልጣን ጥናት ላይ ያለን ነገር «ይሠራል» ሊሉ ይችላሉ፣ እኛ ደግሞ ነገ ግሬደር የሚመጣ ይመስለናል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፦ «ይህ መንገድ በዘንድሮው በጀት ውስጥ በየትኛው መስመር ላይ ተይዟል?» በጀቱን ሲያዩ የደመወዝና የሥራ ማስኬጃው ለብቻ፣ የካፒታሉ ለብቻ ነው። መንገድ የሚገኘው ካፒታሉ ውስጥ ነው። እዚያ ስሙ ከሌለ ዘንድሮ አይሠራም፣ ማንም ምንም ቢል። ካለ ደግሞ ጨረታው መውጣቱን፣ ውል መፈረሙንና የሚጠናቀቅበትን ቀን ይጠይቁ። ከሌለ የሚቀጥለው በጀት መቼ እንደሚረቀቅ ጠይቀው ያን ጊዜ ይገኙ። በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከ1989 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው ከከተማው በጀት የትኛው ሥራ እንደሚቀድም ለብዙ ዓመታት ይመርጡ ነበር፣ ከዚያም ሐሳቡ ወደ ብዙ ከተሞች ሄዷል። እዚያ የቀደመው የነዋሪው ጥያቄ ውሃና ፍሳሽ ነበር፣ ይህም እኛ ከምንጠይቀው ብዙ አይርቅም።

ወረቀቱን ማየት አይቻልም ካሉዎት በምን ሕግ እንደተከለከለ በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሉ። ስዊድን የመንግሥት ሰነድ ለዜጋ ክፍት ይሁን ብላ በሕግ የደነገገችው በ1766 (ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ዛሬ ከ100 በላይ አገሮች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው።

«ቴሌግራም ላይ ‘ከነገ ጀምሮ ገበያው ተዘግቷል’ የሚል ተለቀቀ፣ ነጋዴው ሁሉ ደነገጠ፣ በኋላ ሐሰት ሆነ። እንዴት እንለየው?»

ቀን፣ የደብዳቤ ቁጥርና ያወጣውን ክፍል ስም ፈልጉ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከጎደለ አታጋሩት። ማኅተም ያለበት ፎቶም ቢሆን ቀኑን እዩ፣ የዓምና ወረቀት ዘንድሮ ሲዞር አይቻለሁ። ከዚያ ቢሮው ስልክ ደውሉ። በቃ።

«እኔ ደግሞ በሌላኛው በኩል ነኝ። አንድ ትንሽ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ ነኝ። እንለጥፋለን፣ ፌስቡክ ላይ እናወጣለን፣ ሰው አያነብም። በኋላ ‘አልተነገረንም’ እንባላለን። ጥፋቱ የማን ነው?» ስሜ አይጠቀስ

ወንድሜ፣ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። የላክልኝን ናሙና ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦ «በከተማችን በመካሄድ ላይ ባለው የመሠረተ ልማት ማሻሻያ ሥራ ምክንያት የአገልግሎት መቆራረጥ ሊያጋጥም ስለሚችል ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርግ በአክብሮት እናሳስባለን።» ስህተት የለበትም። ግን አንድ ሰው ይህን አንብቦ ነገ ጠዋት ምን ያድርግ? ውሃ ነው ወይስ መብራት? የኛ ሰፈር ነው ወይስ የነሱ? እንዲህ ብትጽፈውስ፦ «ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከድልድዩ በላይ ባሉ ቤቶች ሁሉ ውሃ አይኖርም። የተሰበረ ቧንቧ እንቀይራለን። ሰኞ ማታ ውሃ ቅዱ።» ከሥር ስልክ፣ ያውም የሚነሳ ስልክ። ይህን ሰው ያነበዋል፣ ለጎረቤቱም ይናገራል።

አለቃህ «ይህ የመንግሥት ቋንቋ አይደለም» ሊሉህ ይችላሉ። ያን ጊዜ ሁለቱን ወረቀት ይዘህ በር ላይ ለቆመው ጥበቃ አስነብብና ምን እንደገባው ጠይቀው፣ መልሱን ለአለቃህ ውሰድላቸው። ሁሉም ሰው ስልክ እንደሌለው፣ ማንበብ የማይችል ወይም ዓይኑ የደከመ እንዳለም አስብ። ለእነሱ የድምፅ ማጉያ ያስፈልጋል፣ ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ ቆሞ መናገር ያስፈልጋል።

ሥራው ከዘገየም ዝም አትበል። «ማክሰኞ ያልነው ወደ ሐሙስ ተዛውሯል፣ ዕቃው ስላልደረሰ ነው» ብለህ እዚያው መጀመሪያ የለጠፍክበት ቦታ ላይ ጻፍ። ሰው መዘግየትን ይችላል፣ ዝምታን ግን አይችልም፤ ሁለት ጊዜ ዝም ካልከው ሦስተኛውን ማስታወቂያህን አያነበውም። ረቂቅ የሆነውን ነገር ሁሉ ደግሞ ከላይ በትልቁ «ረቂቅ» በለው፣ አስተያየት የሚቀበልበትን የመጨረሻ ቀንም አስፍር። ጊዜው ያለፈበትን ወረቀት ከሰሌዳው ላይ አንሳ፣ አዲሱ እንዲታይ።