ከአዘዞ እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ጎንደር ፒያሳ የአውሮፕላን ትኬት እቆርጣለሁ። ጥምቀት አልፎ እንግዳው መመለስ ሲጀምር ስልኬ አያርፍም። ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ዋሽንግተን ርቀቱ ስንት ነው?

ለሁለት ክፈሉት። ከአዘዞ፣ ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ቦሌ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሰዓት ከምናምን ይበራል። በመኪና ግን በባሕር ዳር ዞሮ ከ700 ያልፋል። ከቦሌ ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰዓቱን ለመገመት ርቀቱን ለ900 (አውሮፕላኑ በሰዓት ለሚበረው ኪሎ ሜትር) አካፍሉ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። 13 ሰዓት አካባቢ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሲሄዱ ከመመለሻው ለምን ይረዝማል?

ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጨምሮ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ዳለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሲመለስ ሙሉ ነዳጁን ይዞ ይነሳል። ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ከኋላ ይገፋዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ትኬቴ ላይ 22:40 ይላል። ይሄ ስንት ሰዓት ነው?

እማማ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ40 ነው። ከ18 በላይ ሲሆን 18 ይቀንሱ፤ ከ6 እስከ 18 ሲሆን 6 ይቀንሱ፤ ዜሮ ከመጣ 12 ይበሉት። ከ6 በታች ከሆነ 6 ይደምሩና ሌሊት ይበሉት።

የሚያስለቅሰው 00:30 ነው። ለእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀኑም ገና አልነጋም። ለትኬቱ ግን ቀን ተቀይሯል። አጎቴ ትኬቱ «ጃንዋሪ 15፣ 00:30» ይል ነበር። በ15 ማታ ጋቢውን ደርቦ፣ ቆሎውን ቋጥሮ ቦሌ ደረሰ። አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው! በ14 ማታ ነበር መሄድ ያለበት። ትኬቱን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይወቅሰኛል። አሁን በእስክሪብቶ «በ14 ማታ ውጡ» ብዬ ትኬቱ ላይ እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ መነሻና መድረሻውን ሳሰላ 9 ሰዓት ብቻ ሆነብኝ። ትክክል ነው?

አይደለም። ትኬት ሁሌም የየአገሩን ሰዓት ነው የሚጽፈው። ዋሽንግተን ከእኛ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ወደዚያ ስትሄድ ያንን ጨምርበት።

ጥያቄ፦ አውሮፕላኑ ውስጥ ስክሪኑ ላይ መንገዱ ለምን ይጎብጣል?

ምድር ክብ ናት፣ ካርታው ጠፍጣፋ ነው፤ አጭሩ መንገድ ካርታው ላይ ሲሳል ጎባጣ ይመስላል። ብርቱካን ላይ ክር ወጥረህ ሞክረው።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ ወደ አዘዞ መቼ ልውጣ?

አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በፊት። በጥምቀት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀደም በይ፤ ታቦት ሲያልፍ ባጃጁም ቆሞ ነው የሚያሳልፈው።